ለበጋም ለክረምትም የተባሉት አራት ጎማዎች

በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ መምህር ሆኖ የግል መኪና መያዝ ራሱ ሰው ጣት እንዲቀስርብህ የሚያደርግ ነገር ነበር። የእኔዋ ደግሞ የምትደበቅ ዓይነት አልነበረችም። የጣሊያን ሥሪት፣ ባለ አራት በር፣ ከመሬት ዝቅ ያለች ቀይ መኪና ነበረች። ሦስተኛ ማርሽ ሲገባላት ጀርባህ ወንበሩ ላይ ይለጠፋል። አገሩን ለቆ የሄደ አንድ ጣሊያናዊ ብረት ሠራተኛ ነው የተወልኝ። ሴት ልጁን ሒሳብ አስጠናት ስለነበር ሲሄድ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጦ፣ «በቀስታ እንዳትነዳት፣ ትታመማለች» ብሎኝ ነበር። ምክሩን ከሚገባው በላይ ሰማሁት።

መኪናዋ በእርግጥም ታስፈልገኝ ነበር። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ በተጋባን በዓመቱ ሻሸመኔ ጤና ጣቢያ ተመደበች። የስምንት ወር ሴት ልጃችንም ከእሷ ጋር ናት። እኔ ናዝሬት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምራለሁ። ሳምንቱን ሙሉ በእግሬና በጋሪ እየሄድኩ የቤንዚን ኩፖኔን አጠራቅምና ቅዳሜ የቀትሩ ክፍል እንዳለቀ ወደ ሞጆ፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ እታጠፋለሁ። ቆቃን፣ መቂን፣ ዝዋይን፣ ቡልቡላን፣ ነጌሌን አልፌ ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጄን እታቀፋለሁ። ታርጋዬ እሑድ እንዲንቀሳቀስ በተፈቀደበት ሳምንት እሑድ እመለሳለሁ። ባልተፈቀደበት ሳምንት ሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ፣ ተማሪዎቼ ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ሳይጀምሩ ጠመኔ ይዤ እገኛለሁ።

ችግሩ የመጣው ከጎማ ነው። ጣሊያናዊው የተወልኝ አራት ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ እንደ እንቁላል ለስልሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ በመቂና በዝዋይ መካከል ሁለት ጊዜ ተነፈሰብኝ። መጀመሪያ በስኮርታው፣ በመለዋወጫው ጎማ፣ ቀየርኩ። ስኮርታው ደግሞ ሩብ ሰዓት ሳይሄድ ፈነዳ። መንገድ ዳር ቲማቲም የሚሸጡ ሴቶች ጥላቸው ሥር አስቀመጡኝና የጭነት መኪና እስኪያነሳኝ እዚያ ስጠብቅ ዋልኩ። ሻሸመኔ ስደርስ ልጄ ተኝታ ነበር። በማግስቱ ደግሞ መኪናዬን ከቆመችበት ለማንሳት ገና በጠዋት ተነስቼ ሄድኩ። ከልጄ ጋር ያሳለፍኩት ጊዜ ቁርስ እስክበላ ብቻ ነበር።

ናዝሬት ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጎማ ሲለጥፉ የኖሩ፣ ጣቶቻቸው ራሳቸው ጎማ የመሰሉ ሰው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው መምህር ይሉኛል። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በመዳፋቸው ደባብሰው፣

«መምህር፣ እዚህ ላይ የምለጥፈው የለኝም» አሉ። «ልጣፉን ብቻ ነው የምትነዳው። አዲስ ፈልግ።»

«አዲስ ከየት ይገኛል ጋሼ?»

«እሱን ቀበሌህን ጠይቅ። እኔ የማውቀው ማሰሩን ነው።»

አዲስ ጎማ የሚገኘው በደብዳቤ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ፣ ከቀበሌው ደብዳቤ፣ ከሁለቱ በኋላ ደግሞ ጎማ ከሚያድለው መጋዘን ወረፋ። የትምህርት ቤቱን በሦስት ቀን አገኘሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ «ነገ» ሲለኝ ከረመ። አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ነው ይለኛል፣ አንድ ቀን ማኅተሙ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ ጠፍቷል ይለኛል። በመጨረሻ ወረቀቱን ከፊቱ ዘርግቶ፣

«መኪናዋ ለምን አገልግሎት ትውላለች?» አለኝ።

«ባለቤቴን ለመጠየቅ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ጓድ መምህር፣ ሚስቴን ልጠይቅ ብለህ ለመጋዘኑ ብጽፍልህ ወረቀቱን አንስተው ይስቁበታል። ‹ለትምህርት ሥራና እንደ አስፈላጊነቱ ለሕዝብ ጉዳይ› ብዬ ልጻፍልህ?»

ሰውዬው ሊረዳኝ ፈልጎ ነበር፤ ዛሬም ክፋት ነበረበት ብዬ አላስብም። «ጻፍልኝ» አልኩት። ማኅተሙን ሲመታበት ደስ ብሎኝ እጁን ጨበጥኩ።

መጋዘኑ ውስጥ የእኔ ተራ ሲደርስ ቀኑ ወደ ቀትር ተጠግቶ ነበር። የቆርቆሮው ጣሪያ ግሎ የጎማው ሽታ ራስ ያዞራል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ደብዳቤዬን አንብቦ ወደ ጥግ ወሰደኝና ምርጫዬን አሳየኝ። ለእኔ መኪና ልክ የሚሆኑት፣ ጥርሳቸው ደቃቅ፣ ለአስፋልት የተሠሩት ጎማዎች ነበሩ፤ ግን ሦስት ብቻ ናቸው። አራተኛው አንድ ቀን ቀድሞኝ ለመጣ ሰው ተሰጥቷል። አጠገባቸው ሌላ ዓይነት ተከምሯል። ከእኔዎቹ በአንድ ጣት የሚሰፉ፣ ጥርሳቸው ጠለቅ ያለ፣ ጎማው ራሱ ስትጫነው ለስለስ የሚል ነው። እነሱ አራት ሙሉ አሉ።

«እነዚህ ለበጋም ለክረምትም ናቸው» አለ ሠራተኛው። «ዓመቱን ሙሉ መቀየር የለብህም። የትም ብትሄድ የማያሳፍሩ።»

የጎማው ጎን ላይ ከፊደሎቹ አጠገብ ስድስት ጫፍ ያላት አበባ የመሰለች ምልክት ተቀርጻለች። ጎንበስ ብዬ አየኋት።

«ይቺ የበረዶ ምልክት እኮ ናት» አልኩት። «እነሱ ክረምት ሲሉ መሬቱ በበረዶ የሚሸፈንበትን ማለታቸው ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው።»

«እኛስ ጋ በረዶ አይጥልም? ባለፈው ሐምሌ የቤቴን ቆርቆሮ በሳስቶት የለ?»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ሳቁ። አንዱ የታክሲ ነጂ ደግሞ «መምህር፣ ፈጠን በል እንጂ፤ ትምህርት ቤት አይደለም» አለኝ። ስቄ ማለፍ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ለማሰብ አንድ ቀን ስጡኝ ብል ነገ አራቱም እንደማይጠብቁኝ አውቃለሁ። ሦስቱን ልክ የሆኑትን ልውሰድ? አራተኛው እግሯ ላይ ምን ልሰር? ጎሚስታውን ልጠይቅ ብል ሰልፉን እለቃለሁ። «አራቱን ስጠኝ» አልኩ። ፈረምኩ። አሮጌዎቹን አስረክቤ፣ አዲሶቹን በጋሪ ጭኜ ወጣሁ።

ጎሚስታው ገና ከሩቅ ሲያዩአቸው ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ልኳን የሚሆን አልነበረም?»

«ነበረ። ሦስት ነበረ።»

«ሦስቱን ወስደህ ለአራተኛው አሮጌ እንፈልግልህ ነበር እኮ። ልክ የሆነ ሦስት ይዘህ ብትመጣ እኔ አንድ አላጣልህም ነበር።»

ይህን በተናገሩ ጊዜ የተሰማኝን ብስጭት ዛሬም አልረሳውም። አራት ማለት ሙሉ ነው ብዬ የሒሳብ መምህሩ ራሴን በቁጥር አታልያለሁ። አሰሩልኝ። መሪውን እስከ መጨረሻው ሲያዞሩት የፊቱ ጎማ ከፓራፋንጎው፣ ከጭቃ መከላከያው ቆርቆሮ፣ ጠርዝ ጋር እየተፋተገ ጮኸ። መዶሻ አምጥተው የቆርቆሮውን ጠርዝ ከውስጥ እየቀጠቀጡ ወደ ላይ አጠፉት። ቀዩ ቀለም እየተፈረፈረ መሬት ላይ ሲወድቅ ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ ከጎማዎቹ ጋር መኖር ጀመርኩ። ሞጆ ድረስ ምንም አልነበረም። ከሞጆ በኋላ መንገዱ ሲገለጥና እንደ ልማዴ ስረግጣት ከሥሬ ድምፅ ተነሳ። መጀመሪያ ሞተሩ መሰለኝ። መስኮቱን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ማርሽ ቀየርኩ። ድምፁ የጎማው ነበር። በፈጠንኩ ቁጥር ያጓራል፤ ቆቃ ላይ ስደርስ እህል የሚፈጭ ወፍጮ ቤት ውስጥ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። መሪው ከብዷል። ድሮ በሁለት ጣት የምታጠፋት መኪና አሁን ክንድ ትፈልጋለች። ቤንዚኑም ከወትሮው ፈጥኖ ወረደ፤ በኩፖን ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባዶ ስትሆን የማትፋተገው መኪና ደግሞ ሰው ሲጫንባት ጉድጓድ በገባች ቁጥር ቆርቆሮዋ ጎማውን ይልጠዋል።

አንድ መልካም ነገር አልክድም። የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ መንገዱን ጨምድደው ይይዙ ነበር። ቡልቡላ አጠገብ ውሃ በተኛበት ቦታ ፍሬን ይዤ ቀጥ ብላ ስትቆም፣ «እሺ፣ ለዚህስ ይሁን» ብያለሁ። በጋ ሲሆን ግን ያ ለስላሳ ጎማ በዝዋይ ሜዳ ፀሐይ ይቀልጣል ማለት ይቀላል። ቆሜ ብነካው እጄን ያቃጥለኛል፤ ጥርሱም ዓይኔ እያየ ያልቅ ጀመር። ለቀዝቃዛ አገር የተሠራ ነገር እዚህ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ እያንከራተትኩ ነበር።

ባለቤቴ በአዲሶቹ ጎማዎች መጀመሪያ የተሳፈረችባት ቀን ላንጋኖ ልናርፍ ልጃችንን ይዘን ስንወጣ ነው። ከሻሸመኔ ብዙም ሳንርቅ ጮክ ብላ፣

«ይሄ ጩኸት ምንድን ነው?» አለች።

«ጎማው ነው።»

«አዲሱ?»

«አዲሱ።»

«አዲስ ነገር እንዲህ ይጮሃል እንዴ?»

ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ስፋቱ፣ ስለ ጥርሱ ጥልቀት፣ ስለ ሦስቱና ስለ አራቱ፣ ስለ ዕቃ ግምጃ ቤቱ፣ ስለ በረዶው። ነጌሌን አልፈን ወደ ሐይቁ እስክንታጠፍ አልጨረስኩም። ልጃችን እናቷ ጭን ላይ ሆና በድምፁ ተደናግጣ ታለቅሳለች። ባለቤቴ መስኮቱን እያየች ታባብላታለች። ሐይቁ ዳር ስንቀመጥ፣ «ልጅህ ሁለት ጥርስ ማብቀሏን እንደመጣህ ነግሬህ ነበር፤ ሰምተሃል?» አለችኝ። አልሰማሁም ነበር።

የባሰው የመጣው የክረምቱ ዝናብ ሊገባ ሲል ነው። አንድ ሐሙስ ከክፍል ስወጣ የቀበሌው ጸሐፊ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጽሐፍና ጥቁር ሰሌዳ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚያመላልሱ መኪናዎች ይፈለጋሉ፤ የከተማው የግል መኪና ሁሉ ተቆጥሯል፤ አብዛኛው ጎማ የለውም አለኝ።

«የአንተ ግን ዘንድሮ አዲስ ጎማ የገባላት ናት» አለ ዓይኔን ላለማየት ወደ ጎን እየተመለከተ። «ደብዳቤህም ላይ ለሕዝብ ጉዳይ ይላል።»

«አንተ ነህ የጻፍከው!»

«እኔ ነኝ። አንተ ደግሞ ፈርመሃል።»

አርብ ቁልፉን አስረከብኩ። የርክክብ ወረቀቱ ላይ «ቀይ የቤት መኪና አንድ፣ ጎማ አራት፣ ክሪክ አንድ» ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረምኩ። ለሁለት ሳምንት ነው ተብሎ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት አለፈ፣ አራተኛው አለፈ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ተራ ወረፋ ይዤ እቆማለሁ። ትኬት ካገኘሁ እሑድ ለመመለስ ወረፋ የምይዝበትን ሰዓት እያሰላሁ እሄዳለሁ፤ ካላገኘሁ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። አንድ ቅዳሜ ወረፋው ላይ ቆሜ ሳለ ቀይዋ መኪናዬ ጣሪያዋ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ታስሮባት፣ ኋላዋ በሰው ተጨናንቆ፣ ወደ ሶደሬ መንገድ ስትታጠፍ አየኋት። ፓራፋንጎዋ ጎማውን እየላጠው ሲጮህ ከቆምኩበት ይሰማኛል። ዘመቻውን አልጠላሁትም። ራሴም ክረምቱን ናዝሬት ቀርቼ ማታ ማታ ፊደል አስቆጥር ነበር። የጠላሁት ያ ሁሉ ደብዳቤና ወረፋ ልጄን ለማየት የተደከመበት ሆኖ ሳለ ከልጄ የሚያርቀኝ መሆኑን ነው። አሮጌዎቹ ጎማዎች ላይ ብቆይ ኖሮ ማንም ዞር ብሎ አያያትም ነበር።

መኪናዋ ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ተመለሰች። ቀበሌው ግቢ ውስጥ ጭቃ በጭቃ ሆና ቆማለች። ዙሪያዋን ስዞር የቀኝና የግራ የፊት ጎማዎች የእኔ ናቸው፤ የኋላዎቹ ሁለቱ ግን ጥርስ የሚባል ያልቀረላቸው፣ ማን እንደጣላቸው የማይታወቅ ጎማዎች ናቸው። ሊቀመንበሩ ዘንድ ገባሁ።

«ሁለት ጎማዬ ተቀይሯል» አልኩ።

ለዘመቻው መኪናዬን ሲነዳ የከረመው ነጂ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። «ባልጩት ነው የቆረጠው» አለ። «ገጠሩ መንገድ ባልጩት ብቻ ነው። ጎኑን እንደ ምላጭ ይሰነጥቀዋል።»

«ሁለቱንም?»

«ሁለቱንም።»

«ታዲያ የተቆረጡት የታሉ?»

ነጂው ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ የርክክብ ወረቀቱን አወጣና ጣቱን አሳረፈበት። «ጎማ አራት ይላል። ቁጠር።»

«አዲስ ነበሩ እኮ!»

«አዲስ የሚል እዚህ አልተጻፈም። ጎማ ነው፣ ክብ ነው፣ ይሽከረከራል። ጓድ መምህር፣ መኪናውን ጭምር የሰጠ ሰው አለ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብሎ ነበር የተናገረው። ቁልፌን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ። በዚያ ዘመን ዝም የሚባልበትን ቦታ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ግቢውን ለቅቄ ስወጣ ፍርሃቱና ንዴቱ እኩል ነበሩ።

በቀጥታ ወደ ጎሚስታው ሄድኩ። ታሪኩን ሰምተው ሁለቱን አሮጌዎች ዳበሱና፣

«ደህናዎቹን ወደ ኋላ ላዙርልህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ መሪው ያለው ከፊት ነው። ሞተሩም፣ ፍሬኑ የሚበረታውም ከፊት ነው። ደህናው ጎማ ከፊት መሆን አለበት።»

«የሚገፋት የኋላው እግሯ ነው። ዝናብ ላይ ኋላዋ ካመለጠህ ፊቷ ቢይዝ ምን ያደርግልሃል? ትዞራለች።»

ተከራከርኩ። ጠመኔ ቢኖረኝ ሥዕል እስልላቸው ነበር። የዚያን ቀን ከሊቀመንበሩ ጋር ያልተከራከርኩትን ሁሉ ከእሳቸው ጋር ተከራከርኩ። መፍቻቸውን አስቀምጠው፣ «መኪናው ያንተ ነው» አሉ። እንዳለች ይዣት ሄድኩ።

ቅዳሜ ዝናቡ ከመቂ ጀምሮ ያዘኝ። ልጄን ሳላያት አምስት ሳምንት ሆኖኛል። ቀስ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ፊቱ ደህና አድርጎ ስለሚይዝ ሁሉም ነገር ደህና ይመስለኝ ነበር። ቡልቡላን አልፌ ወደ ነጌሌ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት አህያ ከግራ በኩል ብቅ አለች። ፍሬን ያዝኩ፤ መሪውን አዞርኩ። ፊቷ ታዘዘኝ። ኋላዋ ግን ከሥሬ ወጥቶ ሄደ። ግራሮቹ በመስታወቱ ፊት ከቀኝ ወደ ግራ ሲያልፉ አየሁ፤ ከዚያ መንገዱን፣ ከዚያ እንደገና ግራሮቹን። ስንቆም የበቆሎ ማሳ ውስጥ ነበርን፤ የመኪናዋ ፊት ወደ መጣሁበት ወደ ናዝሬት ዞሯል።

ምንም አልሆንኩም። አህያዋም መንገዱ ላይ ቆማ ታየኛለች። ወርጄ ስረግጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። የኋላ ጎማዎቹን አየሁ፤ ጭቃ ተለጥፎባቸው ክብ ድንጋይ መስለዋል። በእግሬ መታኋቸው። ደጋግሜ መታኋቸው። በመጨረሻ ኮፈኗ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ።

የማሳው ባለቤት ጋቢውን በላስቲክ ሸፍኖ መጣ። ጎልማሳ ገበሬ ነው። «አካም? ነጋዳ?» አለኝ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ደህና ነህ ለማለት፤ ከዚያ አማርኛውን እየፈለገ፣

«ሰው ሞቷል?»

«የለም። ብቻዬን ነኝ።»

«እጅ፣ እግር?»

«ደህና ነኝ።»

የተኛውን በቆሎውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ እኔን አየ። «ታዲያ ምን ያስለቅስሃል? በቆሎው የእኔ ነው።»

አፈርኩ። ይቅርታ ብዬ ልካሰው ብል እጁን አወዛወዘ። ጎረቤቱን ጠርቶ ሁለት ጥንድ በሬ አመጡ፤ በጠፍር አስረው፣ እኔ መሪ ይዤ እነሱ በሬዎቹን እየጮሁባቸው፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ መንገዱ ላይ አወጡኝ። «ገለቶማ» አልኩት፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው፣ ከማውቃቸው ጥቂት የኦሮምኛ ቃላት አንዷ ናት። «ቀስ በል» አለኝ። «ቀስ ብሎ የሄደ ሰው እዚህ አይገባም። የሚገባው ሁሉ እንደ አንተ ነው።»

ሻሸመኔ የደረስኩት በእግረኛ ፍጥነት ነው። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ጭቃዬን፣ የተላጠውን በር፣ በበቆሎ ቅጠል የተሞላውን የፊት መከላከያ፣ ፓራውርቱን፣ አየች። አስገብታ እግሬን አጠበችኝ፣ ሰውነቴን እንደ በሽተኛ መረመረች። ደህና መሆኔን ካረጋገጠች በኋላ ነው የተቆጣችው። እኔ ደግሞ ስለ ሊቀመንበሩ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ጎሚስታው፣ ከፊትና ከኋላ ስለመሆን ማስረዳት ጀምሬ ነበር።

«እኔ ጎማ አላገባሁም!» አለች። «ዓመት ሙሉ ስለ ጎማ ነው የምሰማው። ሻሸመኔ መምህር አያስፈልጋትም እንዴ? ዝውውር ጠይቀህ ታውቃለህ?»

«አይሰጡኝም።»

«ጠይቀህ ታውቃለህ ወይ ነው ያልኩህ።»

አልጠየቅኩም ነበር። አንድም ቀን። ሁልጊዜ ለራሴ የምሰጠው ምክንያት የናዝሬቱ ትምህርት ቤት ይሻላል፣ የእሷ ዝውውር ሊመጣ ይችላል የሚል ነበር። በዚያች ሰዓት ጭቃ የለበሰ ሱሪዬን በእጄ እንደያዝኩ እውነቱ ታየኝ። መንገዱን እወደው ነበር። ከቆቃ በኋላ ያለውን ቀጥ ያለ አስፋልት፣ ሦስተኛውን ማርሽ፣ ሜዳው ላይ ማንም የማያዘኝን ያንን ሁለት ሰዓት ተኩል እወደው ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስብሰባና ሰልፍ ሲጎትተኝ ከርሞ፣ ቅዳሜ እዚያች መኪና ውስጥ ስገባ የራሴ ሰው እሆናለሁ። ለልጄ ስል የምከፍለው ዋጋ ነው እያልኩ ለራሴ ያቆየሁት ደስታ ነበር። ይህንን ለባለቤቴ ነገርኳት። በጣም እንደምትቆጣ ጠብቄ ነበር። ሱሪዬን ከእጄ ወስዳ፣ «ቢያንስ ጎማው ነው አላልክም» አለችኝ።

ጠየቅኩ። የሚያስቀው ነገር፣ ለአራት ጎማ ያን ያህል የተንከራተትኩ ሰው ዝውውሩን ያለ ብዙ ውጣ ውረድ አገኘሁ። ወደ ሻሸመኔ ልሂድ የሚል የሒሳብ መምህር ስላልነበረ የሚመለከተው ሰው ማመልከቻዬን አንብቦ፣ «እርግጠኛ ነህ?» ብቻ ነው ያለኝ።

መስከረም ላይ ዕቃዬን ጭኜ ወረድኩ። ከመሄዴ በፊት ጎሚስታው ጋ ጎራ ብዬ ደህናዎቹን ጎማዎች ወደ ኋላ አስዞርኩ። ምን ሆነህ ነው ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። መንገዱን ሙሉ ቀስ ብዬ ነዳሁ፤ ያ ጩኸት ቀስ ሲባል ብዙም አይሰማም። አንድ ዓመት ሙሉ ይህን አለማወቄ ደግሞ አናደደኝ።

ሻሸመኔ ላይ ቤታችን ከትምህርት ቤቱም ከጤና ጣቢያውም የሩብ ሰዓት የእግር መንገድ ነበር። መኪናዋ አጥር ግቢ ውስጥ ቆማ ዋለች። በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት ከባለቤቴ ጋር አብረን ወጣን፤ ልጃችንን ለጎረቤት ሰጥተን። ዝናቡ ገና አልወጣም ነበር፤ መንገዱ በከብትና በጭነት መኪና ተቦክቶ ጭቃው እስከ ጫማ ማሰሪያ ይደርሳል። ክንዴን ይዛ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለች ትሄዳለች። እኔ ስለ መንገዱ፣ ስለ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ድንጋዩን እንዲህ አራርቆ ስለደረደረው ሰው እነጫነጫለሁ።

«ዝም ብለህ ሂድ» አለችኝ። «ረፍዶብኛል።»

ዝም ብዬ ሄድኩ።